ሳይበርድ የታሸገ በርበሬ

አምና ለክረምቱ ያስፈጨሁት በርበሬ ሻገተብኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ቃሊቲ ካለ ወፍጮ ቤት ትኩሱን አምጥቼ፣ ዝናቡ ሳይቀድመኝ ብዬ፣ ሳላበርደው በላስቲክ ቋጥሬ ባልዲ ውስጥ ከደንኩት። ሙቀቱ ላብ ሆኖ ተመለሰበት፤ ነሐሴ ላይ ስከፍተው ነጭ ሻጋታ አውጥቷል።

እናቴ «የሻገተውን ለይተሽ ሌላውን ፀሐይ ላይ አስጪው» አለች። 5 ኪሎ ነውና እኔም ሳሳሁ። ግን አፍላቶክሲን የሚባለውን፣ ጉበት የሚጎዳውን የሻጋታ መርዝ ፀሐይም ሆነ የድስት እሳት አያስወግደውም። ልጄ ደግሞ ገና ወጥ መልመዷ ነበር። ደፋሁት። እናቴ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

ዘንድሮ አንሶላ ላይ በትና ያበረደችው እሷው ናት። እጇን ሰደድ አድርጋ «አሁን በርዷል» ስትል፣ በደረቁ ትንንሽ ጠርሙሶች ጠቅጥቀን ሞላን፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። እኔ የከደንኩትን ግን አሁንም እየከፈተች ታሸታለች።