አዕዋፍን ወደ ግቢ ስለ መጥራት

ወፍ ማርባትና ወፍ መጥራት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ማርባት የሚባለው በቆጥ አስፍሮ፣ ጥሬ በትኖ፣ እንቍላሉንና ጫጩቱን እየቈጠሩ መኖር ነው፤ ይህንንም ዶሮ ያላት ባልቴት ሁሉ ከማንም ይልቅ ታውቀዋለች። መጥራት ግን የዱሩን ፍጥረት በዱርነቱ ሳለ ከደጃፍ እንዲደርስ ማባበል ነው። የተጠራው ወፍ ሲያሻው ይመጣል፤ ሲያሻው ይቀራል፤ ጠሪውም «ለምን ቀረህ?» ብሎ የሚወቅስበት ሥልጣን የለውም። እኛ በላሊበላ ከተማ በአንዲት ጠባብ አጥር ግቢ ውስጥ የምንኖር ቤተሰብ ስንሆን፣ ይህን ሁለተኛውን ሥራ ከያዝነው ጥቂት ዓመታት ሆኖናል። ስላየነውም ነገር ጥቂት ብንጽፍ ለአንባብያን ከጥቅም ውጪ አይሆንም ብለን አሰብን።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የዱር አዕዋፍን ወደ ግቢ መሳብ የቈየ ልማድ መሆኑ የታወቀ ነው። የዚያ አገር ሰዎች በብርዱ ወራት ጥራጥሬና የስብ ቍራጭ በዛፍ ላይ ይሰቅላሉ። ምድሩ በበረዶ ሲሸፈን ወፏ የምትለቅመውን ስለምታጣ፣ ስጦታቸው በጊዜውና በቦታው የተሰጠ ነው። ዳሩ ግን የሰው አገር ልማድ ሁሉ እንደ ልብስ ወዲያው ተገዝቶ አይለበስም። የላስታን አዕዋፍ የሚያስጨንቃቸው ጥማት ነው። ላሊበላ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ናት፤ የተራራው ራስ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። ዋናው ዝናም ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርድና ያበቃል። ከኅዳር በኋላ ብዙዎቹ ጅረቶች ጠጠር ብቻ ይሆናሉ፤ ምንጮቹም ይቀጥናሉ፤ የበልጉ ዝናም የቀረ እንደሆነ ሴቶችና ልጆች ጀሪካን ይዘው በቦኖ ውኃ ፊት የሚሰለፉበት ሰዓት ይረዝማል። ሰው እንዲህ ከሆነ ወፍማ እንዴት ትሆን?

ስለዚህ የጀመርነው በውኃ ነው። ለዚህ ሥራ ገበያ ወጥቶ የሚገዛ ዕቃ የለም። ከአንገቱ በታች የተሰነጠቀ አንድ አሮጌ እንስራ ነበረንና ሥሩን እንደ ሣህን አስቀርተን ሌላውን ሰብረን ጣልነው። ሸክላ ከቆርቆሮ ይሻላል፤ ቆርቆሮ በቀትር ፀሐይ ይግላል፤ ውስጡም ስለሚያዳልጥ ወፏ እግሯን የምታሳርፍበት አታገኝም። ውኃው ጥልቅ መሆን የለበትም፤ የሦስት ጣት ውፍረት ቢደርስ ይበቃል፤ ትንንሾቹም እንዳይሰጥሙ በመካከሉ ሻካራ ድንጋይ ይቀመጥበታል። ገሉን ከምድር ከፍ አድርገን በድንጋይ ካብ ላይ አኖርነው። ስለ ድመት ሲባል ከቍጥቋጦ ሦስት እርምጃ ያህል መራቅ አለበት፤ ይሁን እንጂ ፈጽሞ ገላጣ ሜዳ ላይ ቢሆን ጭልፊት ያስፈራቸዋልና፣ ሸሽተው የሚገቡበት ጥሻ ከዐይናቸው ሊርቅ አይገባም። በየማለዳው አንድ ጣሳ ውኃ ይጨመርበታል፤ በየሁለት ቀኑም የቀረው ተደፍቶ ገሉ በአሸዋ ይፈተጋል። ይህ ካልተደረገ ውኃው አረንጓዴ ያወጣል፤ ትንኝም ይፈለፈልበታል፤ በሽታም ከወፍ ወደ ወፍ ይተላለፍበታል። የሚደፋው ውኃም አይባክንም፤ ጌሾው ሥር ይፈስሳል።

በመጀመሪያው ሳምንት የመጣችው ድንቢጥ ብቻ ነበረች፤ ድንቢጥ ደግሞ ሳይጠሯትም የምትመጣ ናትና እንደ እንግዳ አልቈጠርናትም። ቀጥሎ ርግቦች ወረዱ። ከሰው ቤት የሚውሉት አይደሉም፤ ዐመድማ መልክ ያላቸው፣ በማጅራታቸው ላይ ነጭ ማተብ ያሰሩ የሚመስሉ የገደል ርግቦች ናቸው፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ሌላ ስፍራ አይገኙም። ከእነርሱም ጋር አንድ ጥቍር ወፍ ይመጣል፤ ምንቃሩ እንደ ዝሆን ጥርስ የነጣ፣ ሲበር የክንፉ ላባ ቀላ ብሎ የሚታይ ነው፤ እርሱም የዚሁ የደጋው ተወላጅ ነው። ጀርመናዊው መንገደኛ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ አገራችንን ጎብኝቶ ሲመለስ ሁለቱንም ለዓለም የዕውቀት መጻሕፍት አስመዝግቧቸዋል። እኛ ግን ከሩፔል በፊትም እናውቃቸው ነበር ለማለት ይቻለናል፤ ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳ ላይ እየተነሡ በቅዳሴ ሰዓት ከራሳችን በላይ ሲያልፉ ያደግን ነንና። በቤተ ማርያም ውስጥ ካሉት ጥንታውያን ሥዕሎች መካከል አዕዋፍ መኖራቸውን ያየ ሰው፣ የዚያ ዘመን ሠዓሊም ቀና ብሎ የሚመለከት ሰው እንደ ነበረ ይረዳል።

ከሁሉ ያስደሰተችን ግን አበባ ቀሳሚዋ ወፍ ናት። በካቡ ጫፍ ላይ እሬት ተክለን ነበር፤ ከሥሩም ራስ ክምር በራሱ ጊዜ በቅሎ ስለ ተገኘ እንዳይነቀል አዘዝን። እሬቱ አበባውን ባወጣ ጊዜ፣ ምንቃሯ እንደ ወስፌ ቀጭንና ቈልመም ያለ አንዲት ወፍ መጥታ ከአበባ አበባ እየዘለለች ማሩን ትመጥ ጀመር። ወንዱ ከሩቅ ጥቍር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ሐምራዊ ሐር እንደ ለበሰ ያብለጨልጫል፤ ከጅራቱም መካከል ሁለት ረጃጅም ላባዎች ይወርዳሉ። ሴቷ ያለ ጌጥ የምትኖር፣ ዐፈርማ መልክ ያላት ናት። ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ የኢትዮጵያን ጉዞውን እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ይህች ወፍ በተከዜ ወንዝ ስም ተሰይማለች፤ እስከ ዛሬም በሊቃውንቱ ዘንድ ስሟ ተከዜ ነው። ተከዜ የሚመነጨው ደግሞ ከዚሁ ከላስታ ተራሮች ነው። የወንዛችንን ስም ይዛ በዓለም መጻሕፍት ስትዞር የኖረችው ወፍ እንግዲህ ከመስኮታችን አምስት ክንድ ርቃ ቁርሷን ታደርጋለች ማለት ነው። በአበባው ላይ ባላንጣዋ ንብ ናት፤ ንጉሥ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበቡት በሚባልበት አገር ደግሞ ንብን «ሂጂ» ለማለት የሚደፍር ማን ነው?

ሁሉም እንዲህ ደስ የሚያሰኙ አይደሉም። ምንቃሩ እንደ ማጭድ የታጠፈው ጋጋኖ በማለዳ ከደጃፋችን ሣር ላይ ትል ሊለቅም ሲወርድ ጩኸቱ የታመመ ሰው ያስነሣል። ምንቃረ ወፍራሙ ቁራም በፋሲካ ሰሞን አንድ ቀን መጥቶ የተሰጣ ሥጋ ይዞ ሄደ፤ የቁራ መልእክተኛ መቼም አይመለስምና በዚያው ቀረ።

ይህን ሁሉ ስንሠራ ነቀፌታ አልቀረልንም፤ ነቀፌታውም ሊናቅ የሚገባው አልነበረም። በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችን አንድ ቀን በጸሓይ ገሉን ስንሞላ አይተው ቆሙና፣ «ልጆቼ፣ ለሰው ያልበቃውን ውኃ ለወፍ?» አሉን። እኒህ እናት የ1966ቱንና የ1977ቱን ዓ.ም. የወሎ ረኃብ በዐይናቸው ያዩ ናቸው። ለእርሳቸው ወፍ ማለት ማሽላው ሲያሽት ልጅ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ የሚከላከለው፣ ብቅል በሰሌን ላይ ሲሰጣ «እሽ! እሽ!» እየተባለ የሚባረር ተሻሚ ነው። በረኃብ ዘመን የእህል ቅንጣት የቈጠረ ሰው ስለ አዕዋፍ ውበት ሲነገረው ተረት ቢመስለው አይፈረድበትም። እኛም ስለ ውበት አላወራንም፤ «እማማ፣ በቀን አንዲት ጣሳ ናት፤ ትርፉም ጌሾውን ያጠጣል» ብለን ዝም አልን።

ጥቂት አሰቡና ስለ አቦ አነሡ። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል ያየ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ አንበሶችና ነብሮች ከግራ ከቀኝ ቆመው ሳሉ አንዲት ወፍ ከጻድቁ ዐይን ትጠጣለች። በጥማት ልትሞት የደረሰች ወፍ ነበረች፤ ጻድቁም የዐይናቸውን ውኃ አልነፈጓትም ይባላል። እማማም፣ «ለአቦ ብላችሁ ከሆነ ይሁን፤ እህል ግን እንዳትበትኑ። ወፍ አንድ ጊዜ ከለመደ የእናንተ ማሳ የእኔ ማሳ አይልም» አሉን።

ይህ ቃል በግቢያችን ሕግ ሆኖ ቀረ። በእውነትም ከብዙ መጽሐፍ የበለጠ ምክር ነው። እህል የበተነ ሰው የሚጠራው እህል በሊታውን መንጋ ነው፤ መንጋው ደግሞ ጥሬው ሲያልቅ ቅርብ ያለውን አዝመራ ይመለከታል። በቆላው አገር ግሪሳ የሚባለው ወፍ እንደ ደመና ወርዶ የማሽላ ማሳን እንዴት እንደሚያራቍት፣ መንግሥትም እስከ አውሮፕላን ርጭት ድረስ እንዴት እንደሚቸገርበት የሰማ ሰው ነገሩን ቀልድ አያደርገውም። ለወፎች የምናሳየው ቸርነት ከጎረቤት ጎተራ የሚከፈል ከሆነ ቸርነት ሊባል አይችልም። ውኃና አበባ፣ የጥሻም ፍሬ የሚጠሯቸው ግን በአብዛኛው ማር መጣጮችን፣ ፍሬ በሊታዎችንና ተባይ ለቃሚዎችን ነው። እህል ከሚበሉትም ወገን ብዙዎቹ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በትልና በአንበጣ ነው፤ ስለዚህም በጎመኑ ላይ የተባይ መርዝ መርጨት ትተናል። ጎመናችን አንዳንድ ቀዳዳ አለው፤ እንበላዋለን።

ከውኃ ቀጥሎ የሚያስፈልገው አጥር ነው። በከተማችን ቆርቆሮ አጥር እየበዛ መጥቷል፤ ሌባ ይከለክል ይሆናል፤ ወፍ ግን በላዩ ላይ ቤት አይሠራም። ቀጋ፣ አጋምና ኮሽም ያሉበት የእሾህ አጥር ከብት ይመልሳል፤ ለወፎች ጎጆም ጓዳም ይሆናል። እንዳይጨፈገግ መከርከም ቢያስፈልግም፣ ፍሬው ሳይበላና ጫጩቶቹ ሳይወጡ ማጭድ አናስነካውም። ባሕር ዛፍ አበባው ሲፈካ ማር እንዳለው አይካድም፤ ነገር ግን ለወፍ የሚሆን ሥጋ ያለው ፍሬ የለውም፤ ከሥሩም ብዙ ነገር አያበቅልም። ወይራ፣ ጽድና ሾላ ያሉት ግቢ ከሁሉ ይሻላል፤ ችግሩ እነዚህን ተክሎ ፍሬያቸውን ለማየት ዕድሜ መጠየቁ ነው።

እነዚህ ዛፎች ዛሬ በደጋው አገር በብዛት ተጠብቀው የሚገኙት በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። የ«እመጓ» ደራሲ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ ባደረጉት ጥናት 168 ዓይነት ዛፍና ቍጥቋጦ ቈጥረዋል። በዙሪያቸው ያለው ኰረብታ የተራቈተ ሆኖ ሳለ ይህ ሁሉ ዘር በየቅጥሩ ውስጥ ተጠብቆ ይኖራል። ዘሩ ከቅጥሩ የሚወጣበት አንዱ መንገድ የወፍ ሆድ ነው። በትግራይ ደጋ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያስረዱት፣ የወይራ ፍሬ የበሉ አዕዋፍ በደደሆና በሌላ ቍጥቋጦ ላይ ሲያርፉ ፍሬውን ከሥሩ ይጥላሉ፤ ችግኙም በቍጥቋጦው ጥላ ከፀሐይና ከፍየል ተሰውሮ ያድጋል። ሜዳው ላይ የወደቀው ግን እምብዛም አይጸድቅም። ስለዚህ የሰው ጓሮ እሾህ አጥር በቤተ ክርስቲያኑ ደንና በተራቈተው ኰረብታ መካከል ማረፊያ ይሆናል ማለት ነው። የላስታ ገበሬ ችግኝ ለመትከል ስንት ቀን እንደሚደክም ስናስብ፣ ያለ ደመወዝ የሚተክለውን ሠራተኛ በወንጭፍ ማባረር ምን ያህል እንደሚጎዳ እንገነዘባለን።

አንድ ነገር ብቻ አጥብቀን እንለምናለን። ወደ ላሊበላ የሚመጡ አንዳንድ እንግዶች በአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር ለርግቦች ዳቦ ሲፈረፍሩ ይታያል። እነዚህ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ሕንጻዎች ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈሉ ናቸው፤ የርግብ ኵስ ደግሞ ድንጋይን እያደር ይበላል። ርግቦቹ ከዳቦው በፊትም በገደሉ ይኖሩ ነበር፤ ያለ እርሱም ይኖራሉ። መመጽወት የሚወድ እንግዳ ከቅጥሩ ውጪ የሚመጸወት ሰው አያጣም።

እማማ አሁን ስለ ውኃው አይናገሩም። በወር በ5ኛው ቀን፣ አቦ በሚውልበት ዕለት፣ የልጅ ልጃቸውን ከአንዲት ጣሳ ውኃ ጋር ይልኩልናል፤ ብቅል በሚያሰጡበት ቀን ግን ያንኑ ልጅ ከሰሌኑ አጠገብ አስቀምጠው «እሽ!» ያሰኙታል። ልጁ ሁለቱንም ሥራ በእኩል ትጋት ይሠራል።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ከቀጋው ሥር አንድ የወይራ ችግኝ አገኘን። ከእኛ ወገን የተከለው የለም፤ በአካባቢያችንም ፍሬ የሚያፈራ ወይራ ያለው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ብቻ ነው። ዛሬ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ደርሷል። በዙሪያው እሾህ ከልለንበታል፤ ገሉ ሲታጠብም ውኃው ተራ እየገባ አንድ ቀን ለጌሾው፣ አንድ ቀን ለእርሱ ይፈስሳል።