ከጀጎል መንገዶች ምን እንማር?

ሐረር ሄዶ ጀጎልን በመኪና ያየ ሰው ጀጎልን አላየም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ባስገነቡት ግንብ ውስጥ ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው ቆመዋል፤ ጠባቧ መንገድ ግን በመካከላቸው እየተጠማዘዘች ወደ መስጊድ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ግንቡ በር ታደርሳለች። እግረኛው የማንንም ደጃፍ ሳያስከፍት ያልፋል።

ዛሬ በከተሞቻችን ዳር የግል መኖሪያ መንደር ሲሠራ ይህ የተረሳ ይመስላል። ረጅም አጥር ይታጠራል፤ ልጆች ወደ መድረሳ የሚያቋርጡባት መንገድ ከውስጥ ትቀራለች። ጀናዛ የተሸከሙ ሰዎች እንዲህ ያለውን አጥር ዙረው ሲሄዱ አይቻለሁ።

ኢስላም ለዚህ ልክ አለው። ሰዎች በመንገድ ስፋት ቢከራከሩ 7 ክንድ እንዲተው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መፍረዳቸውን ኢማም አል-ቡኻሪ ዘግበዋል። ይህም ወደ 3 ሜትር ተኩል ይጠጋል። ልብ በሉ፤ ኢማሙ ሐዲሱን ያስገቡት ባለ መሬቶች ሊገነቡ ሲያስቡ በሚል ርእስ ሥር ነው። ነገሩ ማለቅ ያለበት መሠረት ሳይቆፈር ነው ማለት ነው። ግንቡ ከቆመ በኋላማ ማን ያፈርሰዋል?

ዛፍም አለ። ሙስሊም ከተከለው ሰው ወይም ወፍ ቢበላ ሰደቃ እንደሚሆንለት በሐዲስ ተነግሯል። ገንቢዎቻችን ግን ጥላውን ለራሳቸው ግቢ ያስቀሩና ለመንገደኛው የአሸዋ ክምር ይተዉለታል። ዋንዛ ከአጥሩ ውጭ ቢተከል ፍሬው ለልጆችም ለወፎችም ይሆናል፤ ከዙህር ሶላት የሚመለሱ አዛውንትም ከሥሩ ያርፋሉ። ጉድጓዱ ግን ከ7ቱ ክንድ ወዲያ ይቆፈር።