አባቴ የሠሩልኝ የገና ዱላ

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ቀን ገብቶ የጌታችን የልደት በዓል ሲቃረብ በየቤቱ አንድ ጭንቀት ይነሣል። ጭንቀቱም የዶሮ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ለልጅ፥ ለወዳጅ፥ ለክርስትና ልጅ ምን ይሰጣል የሚለው ነው። እኔ በተወለድሁበት በቡልጋ ገጠር፥ ልጅ ሳለሁ፥ ለገና ከሚለበሰው አዲስ ልብስ በቀር ስጦታ የሚባል ነገር አናውቅም ነበር። ዛሬ ግን ልማዱ ከከተማው ሰው ጋር ተዋሕዷል፤ እኔም በመምህር ደመወዝ እየኖርሁ ከሰው ላለማነስ ስል ባለፈው ዓመት ተበድሬ ለሴት ልጄ በባትሪ የምትናገር አሻንጉሊት ገዛሁ። ከገና እስከ ጥምቀት ዐሥራ ሁለት ቀን ነው፤ አሻንጉሊቷ ግን ጥምቀትን አላየችም። ዕዳው እስከ ሚያዝያ ቈየ።

ስለዚህ ዘንድሮ ከባለቤቴ ጋር ተማክረን ስጦታውን ሁሉ በእጃችን ልንሠራ ቈረጥን። ይህን በወሰንን ማግሥት ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ በልቤ ተኝቶ የኖረ ነገር ተነሣብኝ።

በ1986 ዓ.ም. የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ዳዊት ደግሜ ዲቁና ከተቀበልሁ በኋላ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብቼ ከተማ በዘመድ ቤት እኖር ነበር። ገና ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው አባቴ የአንድ ቀን መንገድ በእግራቸው ተጉዘው መጡ፤ ከጋቢያቸው ሥር የያዙትንም አውጥተው ሰጡኝ። የገና ዱላ ነበረ፤ ወይራ ነው፤ ጫፉ እንደ ማጭድ ቈልመም ያለ፥ እጀታው ቅቤ ጠጥቶ የሚያብረቀርቅ። በዚያች ሰዓት ሁለት የክፍል ጓደኞቼ ከደጅ ቆመው ነበር። እኔም፥ ይቅር ይበለኝ፥ «አባዬ፥ በከተማ በዚህ የሚጫወት የለም፤ ይህ የእረኛ ነው» አልኋቸው።

አባቴ አልተቈጡም። «ይሁን፥ ልጄ» ብለው ከግድግዳው አስደገፉት፤ ዐድረውም በማለዳ ተመለሱ። ዱላው ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሲንገላታ ሰንብቶ በመጨረሻ የዚያ ቤት ማገዶ ሆነ። ወደ ምድጃው ሲገባ አይቼ ዝም አልሁ።

በ1994 ዓ.ም. አባቴ ዐረፉ። የአርባቸው ተዝካር በወጣበት ማታ፥ እንግዳው ሁሉ ከተበተነ በኋላ፥ እናቴ የዚያን ዱላ ነገር አነሣችብኝ። ቅርንጫፉ ከዛፉ ሳይቈረጥ፥ እርጥብ ሳለ፥ ከሰኔ ጀምሮ በጠፍር አጕብጠው አስረውት ኖሯል። ክረምቱን ሙሉ ከእርሻ ሲመለሱ ጠፍሩን እያጠበቁ «ለተማሪዬ ነው» ይሉ እንደ ነበረ ነገረችኝ። ዱላው ምን እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። «አለ» አልኋት።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀመሰ ልጅ «የእረኛ ነው» ብሎ መናቁ ደግሞ ይብሳል። ሰብአ ሰገል ወርቅ፥ ዕጣንና ከርቤ ማምጣታቸውን ማቴዎስ ጽፏል፤ እረኞቹ ግን ምን ይዘው እንደ መጡ ሉቃስ አልጻፈም። አባቶቻችን በትውፊት እንደሚነግሩን፥ እረኞቹ ብሥራቱን በሰሙ ጊዜ በያዙት በትር እየተጫወቱ ደስታቸውን ገለጹ፤ የገና ጨዋታም ከዚያ መጣ። ይህን ከአብነት መምህሬ እግር ሥር ተቀምጬ ሰምቼው ነበር።

እንግዲህ ወደ ዘንድሮው ሥራችን ልመለስ። ለጎረቤታችን ለአሮጊቷ እማማ፥ በልደት ሌሊት ለቅዳሴ ሲሄዱ የሚይዙት ጧፍ ሠራን። ባለቤቴ ጥጡን ዳምጣ ነደፈችው፤ ሴት ልጄም እንዝርት ማሾርን ተማረች። ፈትሉን በሦስት በአራት አድርገን ገመድነው። ሰም በቀጥታ በእሳት ላይ አይጣድም፤ ቶሎ ይቀጣጠላልና ውሃ በያዘ ድስት ውስጥ በትንሽ ጣሳ አድርጎ ማቅለጥ ይሻላል። የቀለጠውን በንጹሕ ጨርቅ አጥልሎ ፈትሉን መንከር፥ ሲበርድ ደግሞ መንከር፥ ከዚያ ሳይደርቅ በጣውላ ላይ በመዳፍ ማንከባለል ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ጧፎች ተጣመው ቀሩ፤ ሰባተኛው ቀና። የተጣመሙትን ለቤታችን አስቀረናቸው። ለክርስትና ልጄ ደግሞ አባታችን ሆይን በሸምበቆ ብዕር በቁም ጽሕፈት ጻፍሁለት፤ ቀለሙን ግን ከሱቅ ገዛሁ፤ እንደ መምህሬ ጥላሸት አጠራቅሜ ለመበጥበጥ ትዕግሥቱ አልነበረኝም።

የወንዱ ልጄ ስጦታ ግን አስጨነቀኝ። ሰኔን በከንቱ ስላሳለፍሁት፥ በተፈጥሮው የቈለመመ የወይራ ቅርንጫፍ ከገጠር ዘመድ አስመጣሁ። ጠመኔ የለመደ እጅ መጥረብ አያውቅም፤ በሁለተኛው ምሽት መዳፌ ውሃ ቋጠረ። የጠረብሁትን በጠርሙስ ስባሪ እየፋቅሁ ሳለሁ፥ ስልኩን በእጁ እንደ ያዘ ልጄ ሳላስበው ደረሰብኝ።

«አባባ፥ ምንድን ነው?»

«የገና ዱላ ነው፤ ላንተ ነው» አልሁት። ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እኔም ያን ጊዜ በዚያ ዕድሜ ነበርሁ። የሚለውን ስጠብቅ ጕሮሮዬ ደረቀ።

ስልኩን አስቀምጦ ዱላውን ተቀበለኝ፤ አገላበጠው። ቈልማማው ወደ ግራ ማዘንበሉን በጣቱ ዳሰሰ፤ አንድ ጊዜም አየሩን መታበት።

«ሩሩስ የት አለ?» አለኝ።

ሩሩን ረስቼው ኖሯል። ከቅርንጫፉ የተረፈች አንዲት ጕማጅ አለች፤ ዛሬ ማታ እጀምራታለሁ።