ቤንዚኑን የበላው ማን ነው?

ድሮ ወርክሾፕ ውስጥ አብረን እጃችንን በግራሶ ስናጠቁር የነበራችሁ ተማሪዎቼ፣ ዛሬም ስለ ካርቡሬተር ልጽፍ ነው። «አሁንም?» እንደምትሉ አውቃለሁ። አዎ፣ አሁንም። ሰሞኑን አንድ ካርቡሬተር የሰው ስም ሊያጠፋ ነበር።

የአንድ የቀድሞ ተማሪዬ ታናሽ ወንድም የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች በሞተር እየዞረ ከብት ያክማል። የሚነዳት ሞተር 125 ሲሲ፣ ባለ ፎር ስትሮክ፣ ዕድሜ የጠገበች ናት። መሥሪያ ቤቱ ያመጣት ከአዋሽ ሰባት ኪሎ አካባቢ ነው። እዚያ ቆላ እያለች በአንድ ሊትር 35 ኪሎ ሜትር ትሄድ እንደነበር መዝገቧ ላይ ተጽፏል። ደጋ ከወጣች በኋላ ግን 22 ላይ ወረደች። ቤንዚን የሚሰጠው በኪሎ ሜትር ተሰልቶ ስለሆነ ወሩ ሳይጋመስ ያልቅበታል። ሁለት ወር እንዲህ ሲሆን ቢሮ ውስጥ ወሬ ተጀመረ፦ «ልጁ እየቀዳ ይሸጣል።» አንድ መካኒክ ደግሞ ሞተሯን ሳይፈታ «ካርቡሬተሩ አልቋል፣ አዲስ ግዛ» አለው። ከኪሱ ሊገዛ ብድር ሲያፈላልግ ነው ወንድሙ የደወለልኝ።

ቅዳሜ ሞተሯን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ እኔ አንድ ሊትር እንኳን አልነካሁም» አለኝ ገና ሳይቀመጥ። «አንተን ሳይሆን ሞተሯን ነው የምንጠይቃት፣ ተቀመጥ» አልኩት።

መጀመሪያ ካንዴላዋን ፈታን። ይቺ ነገር ትልቅ ምስክር ናት። ጫፏ ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ደህና ይተነፍሳል። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል። ጥቁርና እርጥብ ዘይት ከሆነ ጥፋቱ የካርቡሬተር ሳይሆን የፋሻ ወይም የቫልቭ ጎማ ነው። የእሱ ካንዴላ ጥላሸት የመሰለ ደረቅ ጥቁር ነበር፤ በጣት ሲነኩት ይለቃል። ይህ ማለት ቤንዚን በዝቶ፣ አየር አንሶ፣ ሳይቃጠል እየቀረ ነው። የማርሚታው ጭስም ጥቁር ነው። ሰማያዊ ቢሆን ኖሮ ዘይት ነው የሚቃጠለው እንል ነበር። የዘይት መለኪያውን አውጥተን ስናሸተው ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ይህን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት፤ የተረፈው ቤንዚን ወደ ዘይቱ ወርዶ ያቀጥነዋል፣ ሲሊንደሩንም ያጥበዋል፣ ቆይቶ ሞተሩን ይበላዋል።

እንግዲህ ጥፋተኛው ቤንዚን መብዛቱ እንደሆነ ታወቀ። የሚቀጥለው ጥያቄ ከየት በዛ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ካርቡሬተሩን ይፈታና ያገኘውን ቪቴ ሁሉ ያዞራል። ከዚያ ቢሻሻልም በምን እንደተሻሻለ፣ ቢብስም በምን እንደባሰ አያውቅም። እኛ ግን ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ አንድ በአንድ ሄድን።

አንደኛ፣ የአየር ፊልትሮ። ስፖንጁ በዘይት ተነክሮ አቧራ ለብሶ ጭቃ ሆኗል። በላምባ አጥበን፣ ከዚያ በሳሙና፣ ጨምቀን አደረቅነው፤ ዘይት ጠብ አድርገን መለስነው። ለውጥ መጣ፤ ጥቁሩ ጭስ ግን አልጠፋም።

ሁለተኛ፣ ቾክ። ማንሻው ሲመለስ ውስጥ ያለው ክዳን ሙሉ በሙሉ ይከፈታል? በዓይናችን አየን፣ ይከፈታል። ይህ ደህና ነው።

ሦስተኛ፣ ሞተሯ ሞቃ በሚኒሞ እየሠራች የቤንዚኑን መዝጊያ ዘጋን። ጎድጓዳው ውስጥ ያለው ቤንዚን እየቀነሰ ሲሄድ ድምፅዋ ከፍ አለ፣ ጠራ፣ ከዚያ ጠፋች። ልትሞት ስትል የሚሻላት ሞተር ቤንዚን በዝቶባት የኖረች ናት።

አራተኛ፣ ተንሳፋፊው። የቤት ሮቶ ውስጥ ያለውን የውሃ ማቆሚያ አስቡት፤ ሥራው ያው ነው። መርፌው በደንብ ካልዘጋ ቤንዚኑ ሞልቶ ይፈሳል። ልጁ ከቦርሳው የግሉኮስ ቱቦ አወጣ። ከካርቡሬተሩ ሥር ባለው ማፍሰሻ ላይ ሰክተን፣ ሽቅብ ይዘን፣ ማፍሰሻውን ከፈትን። ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ የቆመበት ከፍታ ጎድጓዳው ውስጥ ያለው ከፍታ ነው። ከመጋጠሚያው ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆመ፣ አልሞላም። ተንሳፋፊውም ነጻ ወጣ።

አምስተኛ፣ የነዳጅ እጀታው ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፈን ሩብ፣ ግማሽና ሦስት ሩብ ብለን ምልክት አደረግን። ይህን ለሁላችሁም ደጋግሜ አስተምሬዋለሁ። እጀታው ገና ሲነካ የሚያዝዘው የሚኒሞው ቀዳዳና ቪቴው ነው። ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ የሚያዝዘው ረጅሙ መርፌ ነው። ከዚያ በላይ ዋናው ጀት ነው፤ ያቺ መሐሏ የተበሳች የነሐስ ቪቴ። ልጁ ነዳ። በሚኒሞ ደህና ናት። ግማሽ ላይ ትንተባተባለች፣ ጥቁር ትተፋለች። ሙሉ ሲሰጣት ትንሽ ታፍናለች። ስለዚህ ዋናው ችግር መርፌው ጋ ነው።

አሁን ነው የፈታነው። መርፌዋ አምስት ጭረት አላት፤ ክሊፑ የተቀመጠው የመጨረሻው ታችኛው ጭረት ላይ ነው። ክሊፑ ወደ ታች በወረደ ቁጥር መርፌዋ ከፍ ትላለች፣ ቤንዚንም ይበዛል። ቆላ ሳለች «ጉልበት እንድትጨምር» ብሎ አንድ ሰው አድርጎት ይሆናል። በዚያ ላይ መርፌዋ በአንድ ጎኗ ተልጣለች፤ የምትገባበት ቀዳዳም ክብነቱን ትቶ እንቁላል መስሏል። በዚያ ክፍተት ቤንዚን ያለ ከልካይ ያልፋል።

ሌላው ተጠያቂ ደግሞ ራሱ ደጋው ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትርን ያልፋል። እዚህ ያለው አየር ከዚያኛው በስድስት እጅ አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል ወደ 15 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ካርቡሬተር ግን አየር አይመዝንም፤ በሚያልፍበት አየር መሳብ ብቻ ነው ቤንዚን የሚሰጠው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ቆላ ላይ የተስተካከለ ሞተር ደጋ ሲወጣ ማንም ሳይነካው ቤንዚን ይበዛበታል።

አዲስ ካርቡሬተር አልገዛንም። መርፌዋንና ቀዳዳዋን ከጥገና ኪት ቀየርን፣ ክሊፑን ከላይ ሁለተኛው ጭረት ላይ አደረግን፣ ዋናውን ጀት በአንድ ቁጥር አሳነስን። ዘይቱንም ቀየርን። ሚኒሞው ደህና ስለነበር ቪቴውን አልነካነውም። ስትነኩት ግን ይህን አስታውሱ፦ ቪቴው በሞተሩ በኩል ከሆነ ሲላላ ቤንዚን ይጨምራል፤ በፊልትሮው በኩል ከሆነ ሲላላ አየር ነው የሚጨምረው። ሳያዩ የሚያዞሩ ብዙ ናቸው።

የወጣውን ትልቁን ጀት በላስቲክ ጠቅልለን ወንበሩ ሥር አሰርነው፣ «የቆላ» ብለን ጻፍንበት። ሞተሯ አንድ ቀን ተመልሳ ወደ አዋሽ ብትወርድ በዚህ በትንሹ ጀት መነዳት የለባትም። ቤንዚን ያንሳታል፣ ትግላለች፣ ፒስተን ታቃጥላለች።

ልጁ ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ሙሉ ታንክ እየሞላ ኪሎ ሜትሩን መዘገበ። በሊትር 33 ሆነ። ጥቁሩን ካንዴላና አዲሱን ቡናማ ካንዴላ ከመዝገቡ ጋር ይዞ ሒሳብ ክፍል ገባ። ምን እንዳሉት ጠየቅሁት። «ካንዴላዎቹን እያገላበጡ አዩና፣ ይሄ ምንድን ነው አሉኝ። ሳስረዳቸው ዝም አሉ» አለኝ። ይቅርታ የጠየቀው የለም። የቤንዚን ኩፖኑ ግን ያለ ጥያቄ ተፈርሞለታል።

የቢሮ ኃላፊ የሆናችሁ ወዳጆቼም ታነቡኛላችሁ። የቤንዚን ፍጆታ ድንገት ሲጨምር ሰውየውን ከመጠርጠራችሁ በፊት ካንዴላዋን አስፈትታችሁ እዩ። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሌባም ካለ ካንዴላዋ ቡናማ ሆና ትነግራችኋለች።

ለጀማሪዎች አንድ ማሳሰቢያ፦ ቤንዚን ስታፈሱ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ሲጋራም ሆነ ከሰል በአካባቢው አይኑር።

ከቆላ ወደ ደጋ፣ ወይም ከደጋ ወደ ቆላ ሞተር ይዛችሁ የተዛወራችሁ፣ ምን አጋጠማችሁ? ጀቱን ስንት ቁጥር አወረዳችሁ ወይስ አወጣችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ ለሌላውም ይጠቅማል። ሰላም ዋሉ።