መጥረቢያ ያቆየው ደን

ለንደን ልጄ ቤት ከገባሁ ሁለት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። ስምንት ዓመቷን የያዘችው የልጅ ልጄ አማርኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው። የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ ሠላሳ ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያገለገለ የመምህር እንግሊዝኛ ነው፤ ለሰዋስው እንጂ ለጨዋታ አይሆንም። ማታ ማታ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን፤ እሷ ቴሌቪዥኑን ታያለች፣ እኔ እሷን አያለሁ። ልጄ ከወጥ ቤት ብቅ ትልና ተመልክታን ምንም ሳትናገር ትመለሳለች። ስንት ጊዜ አጠራቅማ የገዛችልኝ ቲኬት በዝምታ ሊያልቅ መሆኑ እንደከነከናት ይገባኝ ነበር።

በጥቅምት አጋማሽ ትምህርት ቤት ለአንድ ሳምንት ሲዘጋ፣ «እማዬ፣ ነገ ደን እንሂድ» አለችኝ።

«ለንደን ውስጥ ደግሞ ምን ደን አለ?»

«በባቡር ግማሽ ሰዓት ነው። ቅጠሉ ሳያልቅ እንድረስበት።»

ሰው ቀን ቆጥሮ የቅጠል መርገፍ ሊያይ መሄዱ ገረመኝ። ቢሆንም ወፍራም ሹራቤን ደርቤ፣ ነጠላዬን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ተነሣሁ። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት አባቶቻችን የእንግሊዝን ጥቅምት ቢያዩት ስንት አጥንት ይሉ እንደነበር እንጃ።

በባቡሩ መስኮት

ኤፒንግ የሚባለው ደን ከለንደን ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ተነሥቶ ወደ ኤሴክስ ገጠር ይዘልቃል። ርዝመቱ 19 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በጠቅላላው ወደ 2,400 ሄክታር ይሸፍናል። ሴንትራል ላይን የሚባለው የምድር ባቡር መሃል ከተማውን እንዳለፈ ከመሬት በታች ይወጣና በቤቶች ጓሮ መካከል ይሄዳል።

ዉድፈርድ የሚባል ጣቢያ ላይ ባቡሩ ሲቆም ልጄ በክርኗ ነካ አደረገችኝ። «እማዬ፣ ሲልቪያ ፓንክረስት የኖረችው እዚህ ሰፈር ነው።» ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1936፣ ሲልቪያ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ መሥርታ ለሃያ ዓመት ያህል ስለ ኢትዮጵያ የጮኸችው ከዚሁ ከደኑ ጠርዝ ሆና ነው። በ1956 ጠቅልላ አዲስ አበባ ገባች፤ በ1960 ስታርፍም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረች። እኔ ተማሪዎቼን እየመራሁ መቃብሯን ያሳየሁ ሰው ነኝ። የኖረችበትን ሰፈር ግን ሳላስበው በባቡር መስኮት አየሁት።

የወረድነው ላውተን የምትባል ከተማ ላይ ነው። ከጣቢያው ወደ ደኑ ስንሄድ በቀይ ጡብ የተሠራ አሮጌ አዳራሽ አጠገብ አለፍን። ስሙ ሎፒንግ ሆል ነው፤ በእኛ አነጋገር «የቅርንጫፍ ቆራጮች አዳራሽ» እንደ ማለት ነው። ከአንዱ በሩ በላይ፣ በሸክላ የተቀረጹ ሰዎች ከዛፍ ላይ ቅርንጫፍ ሲቆርጡ ይታያሉ። የልጅ ልጄ ቀና ብላ አየችና ለእናቷ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለች።

«ምን አለች?»

«ዛፍ የሚቆርጡ መጥፎ ሰዎች ናቸው አለች። ትምህርት ቤት እንዲያ ነው የሚያስተምሯቸው።»

ዝም አልኩ። እኔ ያደግሁት ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ እንጨት ከእህል እኩል በሚከበርበት ደጋ ነው። በእሷ ዕድሜ ጭራሮ ተሸክሜ፣ ኩበት ለቅሜ፣ ከአባቴ ኋላ ሆኜ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ እየጎተትኩ ነው ያደግሁት። ታዲያ የልጅ ልጄ አያት መጥፎ ሰው ነበረች?

ወርቅ የለበሰው ደን

ሃያ ደቂቃ ያህል ከተጓዝን በኋላ የመኪናው ድምፅ እየራቀ፣ የእግራችን ድምፅ እየጎላ መጣ። ከጉልበት በታች ሁሉ ቅጠል ነው፤ ስንረግጠው እንደ ደረቅ እንጀራ ይንኮሻኮሻል። ከላይ ያለው ቅጠል ደግሞ ቢጫ፣ ብርቱካንማ፣ የመዳብ ቀለም ያለው ነው። ፀሐይዋ ደካማ ናት፤ ነገር ግን በቅጠሉ ውስጥ ስታልፍ ሰውን ሁሉ ወርቅማ አድርጋ ታሳያለች። እርጥብ አፈር፣ እርጥብ እንጨት ይሸታል፤ ክረምት ሲወጣ የሚሸተውን የአገር ቤት ሽታ ይመስላል።

በብዛት ያሉት ሦስት ዓይነት ዛፎች ናቸው። ቢች የሚባለው ግንዱ ለስላሳና ግራጫ፣ የዝሆን ቆዳ የሚመስል ነው። ሆርንቢም የሚባለው ግንዱ እንደ ተጠመዘዘ ገመድ ነው። ሦስተኛው ኦክ ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱሳችን «ባሉጥ» የምንለው።

«ታመው ነው እንዴ እንዲህ የሚረግፉት?» ብዬ ጠየቅሁ። የልጅ ልጄ ሳቀችና እጄን ይዛ ወደ አንድ ቅርንጫፍ ወሰደችኝ። ትምህርት ቤት የተማረችውን በእንግሊዝኛ ስትተነትን እናቷ ወደ አማርኛ ታመጣዋለች። ክረምታቸው ሲቃረብ ቀኑ ያጥራል፤ ዛፉም የብርሃኑን ማነስ ያውቃል። በቅጠሉ ውስጥ ያለውን አረንጓዴ ቀለም አፍርሶ፣ የሚጠቅመውን ምግብ ወደ ግንዱና ወደ ሥሩ ይመልሳል። ቢጫው ቀለም አዲስ የመጣ አይደለም፤ በጋውን ሁሉ በአረንጓዴው ተሸፍኖ የኖረ ነው። በመጨረሻ ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ በር እንደ መዝጋት ያለ ነገር ይሠራል፤ ያን ጊዜ ቅጠሉ ይወድቃል። ስለዚህ ዛፉ አልታመመም፤ ብርዱ ሳይመጣ ጎተራውን እየዘጋ ነው።

«እኛ አገርም ቅጠሉን የሚያራግፍ አለ» አልኳት። «ኮርች ይባላል። በበጋ ራቁቱን ይቀርና በዚያ ላይ ቀይ አበባ ያወጣል። የእኛዎቹን የሚያራግፋቸው ድርቅ ነው፤ የእናንተዎቹን ብርድና ጨለማ።»

«ኮርች» አለች ቃሉን እየቀመሰች።

ከራስ በላይ የተቆረጠ

የቆሙበትን መልክ ልብ ያልኩት ከዚህ በኋላ ነው። ግንዳቸው ወፍራምና አጭር ነው፤ ከሰው ራስ ከፍ ብሎ ከአንድ ቦታ ላይ ብዙ ቅርንጫፍ እንደ ጣት ተዘርግቶ ይወጣል። እንዲህ ያለ ዛፍ ሲፈጠር እንዲህ አይደለም። ከጭንቅላቴ በፊት እጄ ነው ያወቀው፤ የሰው መጥረቢያ ነክቶታል።

ልጄ ከስልኳ ያነበበችውን አጫወተችኝ። ደኑ በጥንት ዘመን ነገሥታት የሚያድኑበት ነበር፤ የአካባቢው ድኻ ግን ከብት የማሰማራትና ለማገዶ ቅርንጫፍ የመቁረጥ መብት ነበረው። ላውተን ውስጥ የሚቆረጠው ከኅዳር መግቢያ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ነው። ግንዱን ከሥር መጣል አይፈቀድም። ከሰው ቁመት በላይ የሚቆረጥበትም ምክንያት አለው፤ ዝቅ ብሎ ቢቆረጥ የሚያቆጠቁጠውን ለጋ አጋዘንና ከብት ይበላዋል። ከአሥር፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ወደዚያው ዛፍ ይመለሳሉ። እንዲህ የተቆረጠ ዛፍ ደግሞ ካልተቆረጠው ይልቅ ረጅም ዕድሜ ይኖራል፤ ጫፉ ስለማይከብድ ነፋስ አይጥለውም። ዛሬ ኤፒንግ ውስጥ እንዲህ ያሉ ሽማግሌ ዛፎች ከ50 ሺሕ በላይ ናቸው፤ ብዙ መቶ ዓመት የኖሩም አሉባቸው።

አንድ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጠን፣ ሻይ ከቴርሞስ እየቀዳን ቆሎ ስንቆረጥም፣ የልጅ ልጄን ጠራኋት። አዳራሹ ላይ ስላየቻቸው ሰዎች በአማርኛ፣ ቀስ እያልኩ፣ እንደ ተረት ነገርኳት።

ቶማስ ዊሊንጌል የሚባል ድኻ ሽማግሌ በላውተን ነበረ። መብቱ እንዳይጠፋ በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ፣ ልክ እኩለ ሌሊት ላይ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ መቆረጥ አለበት ይሉ ነበር። በአካባቢው እንደሚተረከው፣ አንድ ዓመት የመሬቱ ጌቶች መንደርተኛውን ሁሉ ራት ጠሩ፤ በመብልና በመጠጥ አዘናግተው ሰዓቱን ሊያሳልፉባቸው።

«ከዚያስ?» አለችኝ።

ልጄ ሻይ መቅዳቷን አቆመች። በእንግሊዝኛ አልነበረም የጠየቀችኝ።

«ከዚያማ፣ ሽማግሌው ቀስ ብሎ ተነሣ። መጥረቢያውን ይዞ ወደ ጨለማው ወጣ፤ ቅርንጫፍ ቆርጦም ተሸክሞ ግብዣው መሃል ገባ።»

«ከዚያስ?»

ከዚያ በኋላ ያለው ተረት አይደለም፤ በመዝገብ የሰፈረ ታሪክ ነው። በ1860ዎቹ የላውተን ባለርስት ደኑን አጥሮ ለብቻው ሊያደርገው ተነሣ። የዊሊንጌል ቤተሰብ ግን መቁረጡን አላቆመም። በ1866 ከቤተሰቡ ታስረው ወኅኒ የወረዱ ነበሩ። ነገሩ ለንደን ድረስ ተሰማ። የለንደን ከተማ ኮርፖሬሽን በ1871 ባለርስቶቹን ከሰሰ፤ በ1874 ረታ። በ1878 የወጣው ሕግ ደኑ ከእንግዲህ እንዳይታጠር፣ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ እንዲኖር ወሰነ። በ1882 ንግሥት ቪክቶሪያ ራሳቸው መጥተው ደኑን ለሕዝባቸው ለዘለዓለም ሰጡ። ዊሊንጌል ግን ይህን ሳያይ በ1870 ሞቷል።

አንድ ነገር ግን ልቤን ከነከነው። ያው ሕግ የመቁረጡን መብት አስቀረ። ደኑን በመጥረቢያቸው ያቆዩት ሰዎች መጥረቢያቸውን አስቀመጡ፤ በካሣው ገንዘብም በ1884 ያ ቀይ አዳራሽ ተሠራላቸው።

«ስለዚህ መጥፎ ሰዎች አልነበሩም?» አለች የልጅ ልጄ፣ በእናቷ በኩል።

«ከሥር የሚጥልና ለነገ የሚያስተርፍ አንድ አይደሉም፣ የኔ ልጅ። እኔም በአንቺ ዕድሜ ከአባቴ ጋር ቆርጫለሁ። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ጉቶው ያቆጠቁጣል። አባቴ ከሚያቆጠቁጠው ውስጥ ጠንካራውን ይመርጥና፣ ይህ ለታናሽ ወንድምሽ ጎጆ ይሆናል ይል ነበር።»

አሁንም «ከዚያስ?» አለችኝ። ስለ አባቴ፣ ስለ ጎጆው፣ ስለ ወንድሜ መንገዱን ሁሉ አወራሁላት። እናቷ ከኋላችን ቀረት ብላ ትከተለን ነበር፤ ማስተርጎሙን ተወችው።

ሸክም የበዛበት ዛፍ

ጥቂት እልፍ እንዳልን ለሁለት የተሰነጠቀ ትልቅ ቢች አገኘን። መቆረጡ ከቀረ ወዲህ ቅርንጫፎቹ ያለ ልክ ወፍረው ግንዱ መሸከም አቅቶታል። ጥቅጥቅ ያለው ጥላም ከሥር የሚበቅለውን ብርሃን ነስቶታል። ስለዚህ የደኑ ጠባቂዎች ዛሬ የተመረጡ ዛፎችን በጥንቃቄ እንደገና መመልመል ጀምረዋል። እጅ የለመደ ዛፍ እጅ ሲርቀው ይከብደዋል ማለት ነው። ልጄን ዞር ብዬ አየኋት፤ እሷም እያየችኝ ነበር።

ገላጣው ሜዳ ላይ ደግሞ ከብት አገኘን! ቀንዳቸው ረጅምና የተጠማዘዘ ነው፤ ሣሩንና ቁጥቋጦውን እንዲግጡ ነው የሚሰማሩት። እረኛ አላየሁባቸውም። እረኛቸው አንገታቸው ላይ የታሰረ መሣሪያ ነው፤ ከተፈቀደላቸው ክልል ሊወጡ ሲሉ ድምፅ እያሰማ ያስጠነቅቃቸዋል። አባቴ ቢያይ ኖሮ ሲስቅ ይውል ነበር።

ልትመሽ ስትል፣ የልጅ ልጄ ከመሬት አንድ የቢች ጭራሮ አነሣችና ቅጠሉ በረገፈበት ቦታ ያለውን ነገር አሳየችኝ። ቀጭን፣ ሹል፣ የመዳብ ቀለም ያለው እንቡጥ ነው። የሚመጣው የሚያዝያ ቅጠል ተጠቅልሎ የተቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው። አሮጌው ከመውደቁ በፊት አዲሱ ቦታውን ይዟል። ጭራሮውን በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት።

ለመሄድ ለምታስቡ

ልጆቻችሁን ለመጠየቅ ለንደን የምትሄዱ ወላጆች፣ ቅጠሉን ለማየት ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ውኃ የማያስገባ ጫማ አድርጉ፤ መንገዱ ጭቃ ነው። በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ስለሚመልሱ ከዚያ በኋላ በጊዜ ይመሻል፤ በጠዋት ውጡ። እንጉዳይ ሞልቶ ብታዩ እንዳትለቅሙ፤ በዚህ ደን ክልክል ነው። ወደ ደኑ ለመግባት ክፍያ የለም።

አሁን አዲስ አበባ ተመልሻለሁ። ጭራሮው መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ነው። እሑድ እሑድ ማታ ስልኩ ይጮኻል። ሰላምታው አጭር ነው፤ የልጅ ልጄ አማርኛዋ ገና ብዙ ይቀረዋል። ባለፈው ሳምንት የት እንዳቆምን ግን አትረሳም።

«እማማ» ትለኛለች፣ «ከዚያስ?»