ፊቷን ወደ እኛ ስታዞር

ብዙ ዘመን ሲያስተምር የኖረ ሰው መማር ምን ያኽል እንደሚከብድ ይረሳል። እኛም መርሳታችንን ያወቅነው ባለፈው ክረምት፣ በተክለ ሃይማኖት ሠፈር በሚገኘው ቤታችን፣ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጃችን በሬዲዮ የምትታዘዝ ትንሽ ሄሊኮፕተሩን እንድናበርር በሰጠን ዕለት ነው።

ሄሊኮፕተሯን በስጦታ ያበረከተለት አጎቱ ሲሆን፣ ክብደቷ ከአንድ ብርቱካን አይበልጥም። «ዳዊት ለደገመ፣ ሒሳብም ለሚያስተምር ሰው ይህች ምን ትከብዳለች?» ብለን መቈጣጠሪያውን ተቀበልን። የግራውን ዘንግ ወደ ላይ ብንገፋው ተነሥታ ኮርኒሱን መታች፤ ደንግጠን ብንለቀው ወድቃ ክንፏ ተሰበረ። ልጃችን ግን አልሣቀብንም። «ምንም አይደለም፣ አባባ፤ እኔም ሦስት ጊዜ ሰብሬያለሁ» ብሎ መለዋወጫ ክንፍ ሊያመጣ ሄደ።

ይህ ቃል በዚያች ሌሊት እንቅልፍ ነሣን። ምክንያቱም በዚያው ዓመት አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ያንኑ የመቀነስ ስሕተት ለሦስተኛ ጊዜ ቢደግም፣ በጓደኞቹ ፊት «አንተ ከቶ አይገባህም» ብለነው ነበር። ልጁ ከዚያ ቀን ወዲህ እጁን አንሥቶ ጠይቆ አያውቅም።

በነጋው ትምህርታችንን እንደ ጀማሪ ጀመርን። አውሮፕላን ወደ ፊት ሲሮጥ በክንፉ ላይ የሚያልፈው አየር ይደግፈዋል። ሄሊኮፕተር ግን ክንፉን ራሱ እያሽከረከረ ይነሣል። ክንፉ ወደ አንድ ወገን ሲዞር አካሉ ወደ ተቃራኒው ሊዞር ይቃጣዋል፤ ይህንንም የሚገታው በጅራቱ ጫፍ ያለው ትንሹ ተሽከርካሪ ነው። ስለዚህ በአየር ላይ ቀጥ ብላ የቆመች ስትመስል፣ የሚያበርራት ሰው ዱላ በመዳፉ ላይ አቁሞ እንደሚጫወት ልጅ በየቅጽበቱ ያርማታል። በዚህም ላይ ከተማችን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ያለች በመሆኗ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር ከአምስት አንድ እጅ ያኽል ይሳሳል፤ ክንፉም በዚያው ልክ ይደክማል።

ታላላቆቹም ቢሆኑ በአንድ ቀን አልተማሩትም። በኪየቭ ከተማ ተወልዶ በአሜሪካ የሠራው ኢጎር ሲኮርስኪ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1939 የመጀመሪያውን ቪኤስ 300 ሄሊኮፕተር ሲሞክር፣ ራሱ ተቀምጦባት በገመድ ከምድር ጋራ አስሯት ነበር። ያለ ገመድ የበረረችው በ1940 ነው። ልጃችንም ለእኛ ሲል ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች አመሳቅሎ ከእግሯ ሥር አሰረና በየጫፋቸው ትንንሽ ኳሶች ሰካ፤ ይህም ወደ ጎን እንዳትገለበጥ ነው። በትምህርት ቤታችን ባዶ አዳራሽ ውስጥ ጅራቷን ወደ እኛ አድርገን፣ አንድ ስንዝር ያኽል አንሥተን መልሰን ማሳረፍን ብቻ ሁለት ሳምንት ተለማመድን።

ወላጆች ሆይ፣ የሚሽከረከር ክንፍ ዐይን ያጠፋልና ሕፃናትን አርቁ፤ ባትሪውም እሳት ሊያስነሣ ይችላልና ሰው በሌለበት አይሞላ። በደጅ ለማብረር የሚሻም አስቀድሞ የሚመለከተውን የመንግሥት ክፍል ፈቃድ ይጠይቅ።

ታላቁ ፈተና የመጣው ፊቷን ወደ እኛ ባዞረች ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ቀኟ ግራችን፣ ግራዋ ቀኛችን ሆነ፤ ልናድናት ዘንጉን በገፋን ቍጥር ወደ ግድግዳው ሰደድናት። ልጃችንም «አባባ፣ ከውጭ ሆነው አይመልከቷት፤ በውስጧ እንደ ተቀመጡ አድርገው ያስቡ» አለን። በልጅነታችን በአንድ ዳዊት ዙሪያ አራት ሆነን ስንቀመጥ፣ ከባሻገር የተቀመጠው ልጅ ፊደሉን ተገልብጦ ያየው እንደ ነበር በዚያች ሰዓት ትዝ አለን።

በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት ያን ተማሪ ፈልገን ከጎኑ ተቀመጥን። ከ52 ላይ 37 እንዲቀንስ ሰጠነው፤ እንደ ቀድሞው 25 ጻፈ። ሳንቈጣ «እንዴት አገኘኸው?» አልነው። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «ከ5 ላይ 3 ሲቀነስ 2፣ ከ7 ላይ 2 ሲቀነስ 5። ትንሹ ከትልቁ ይቀነሳል ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት» አለን።

እውነቱን ነው፤ ብለናል። ልጁ ቃላችንን አክብሮ ዓመት ሙሉ ሲሳሳት፣ እኛ ከሰሌዳው አጠገብ ቆመን የምናየው ስሕተቱን ብቻ ነበር። ይቅርታ ጠየቅነው፤ ከአሥር ቤት አንድ መበደርንም በጠጠር እየቈጠርን አሳየነው። በዚያው ቀን 15 ብሎ ጻፈ። እጁን ለማንሣት ግን እስከ ኅዳር ቈየ።

እኛም ሄሊኮፕተሯን ፊቷን ወደ እኛ አድርገን ለግማሽ ደቂቃ ማቆም ችለናል፤ ከዚያ በኋላ አሁንም ትወድቃለች። ልጃችንም መለዋወጫ ክንፍ ይዞ ከጎናችን ይቆማል።