113 ወይስ 114?



ባለፈው ረመዳን ከተራዊሕ በኋላ ጥያቄና መልስ ለማዘጋጀት ስናስብ ዓይናችን «ሚሊየነር መሆን የሚፈልግ ማነው?» በሚባለው የቴሌቪዥን ውድድር ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 እንግሊዝ አገር ተጀምሮ ዓለምን ያዳረሰው፣ ታላላቆቻችን በዲሽ፣ በዐረብኛ፣ ጆርጅ ቀርዳሒ ሲያቀርበው ያዩት የነበረው ማለት ነው።

ቋንቋው በደንብ ሳይገባ እንኳ ለምን ይጥማል? አራት ምርጫ ስላለው ይመስለናል። መልሱን የማያውቅ ተመልካችም በልቡ አንዱን ይመርጣል፤ ከመረጠ ደግሞ ነገሩ የራሱ ይሆናል። ተወዳዳሪው ጥያቄውን ካየ በኋላ «በቃኝ» ብሎ ያገኘውን ይዞ መውጣትም ይችላል። ስለዚህ የሚያውቀውን ከሚጠረጥረው መለየት አለበት፤ እኛም ፊቱን እያየን አብረን እንጨነቃለን።

ጨዋታውን ቀዳን፤ ለሽልማት ግን ገንዘብ አልነበረንም። «እያንዳንዱ ተወዳዳሪ 20 ብር ያዋጣና አሸናፊው ይውሰደው» ተባለ፤ ሁላችንም ተስማማን። ማስታወቂያው ተለጥፎ ካደረ በኋላ አንዲት እህት «ይሄ ቁማር አይደለም ወይ?» አለችን። እውነቱን ለመናገር ተቆጣን። የዕውቀት ውድድር ነው እኮ! ኡስታዛችን ዘንድ ስንሄድ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፦ «ሽልማቱ የሚወጣው ከማን ኪስ ነው?» ከተሸናፊዎቹ። ዝም አልን። (የእንግሊዙም ውድድር ሲጀመር ሽልማቱ ለመመዝገብ በውድ ታሪፍ ከሚደውሉ ሰዎች በሚሰበሰብ ገንዘብ ጭምር ይሸፈን ነበር። ሳናውቀው ያንንም ቀድተናል።)

ማስታወቂያውን አነሳን፣ የተከፈለውን መለስን። ሽልማቱ አንድ ተመራቂ ወንድም የሰጠን የሲራ መጽሐፍ ሆነ። ሰው ይቀርብናል ብለን ፈርተን ነበር፤ መቀመጫ ጠፋ።

የመጨረሻው ጥያቄ፦ «ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም በቁርኣን ውስጥ ስንት ጊዜ ተጽፏል? 112፣ 113፣ 114 ወይስ 115?» ተወዳዳሪው የአንደኛ ዓመት ልጅ ነው። ታዳሚውን ጠየቀ። ጥያቄውን ያወጣው ወንድም ሲቀር ሁላችንም ማለት ይቻላል ለ113 እጃችንን አወጣን፤ ሱረቱ ተውባ የላትማ! ልጁ ጣቱን እያጠፈ ቆየና «ጀመዓውን አከብራለሁ፤ ግን 114» አለ። ጫጫታው! ነቢዩላህ ሱለይማን (ዐ.ሰ) ለሰበእ ንግሥት የላኩትን ደብዳቤ፣ የሱረቱ ነምልን 30ኛ አንቀጽ፣ ረስተናት ነበር።

መጽሐፉን ይዞ ወደ ዶርም ሲሄድ ተከትለነው እስከ ሱሑር ስንከራከር አደርን። ለመጪው ዙር ጥያቄ ያላችሁ አምጡልን፤ መልሱን ግን ለአዘጋጆቹ ብቻ።